«ዶክተር፣ ይተላለፋል እንዴ?» ከወላይታ የእግር እብጠት ሕክምና ስለ ሐኪምና ታካሚ ንግግር ምን እንማራለን?

 

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ በሽታ፣ ስለ ምርመራና ስለ መድኃኒት ነው። ዛሬ ግን መርፌም ኪኒንም ስለሌለው አንድ ሕክምና እናውራ። ስለ ንግግር። ሐኪም ከታካሚ ጋር፣ ሐኪምም ከሥራ ባልደረባው ጋር እንዴት ቢነጋገር ነው ሰው የሚድነው?

«ሐኪሙ ትሁት ይሁን፣ ፈገግ ይበል» ብለን ልንጨርሰው እንችላለን። ትሕትና ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ሐኪም በጣም ትሁት ሆኖ፣ እውነቱንም ተናግሮ፣ ታካሚው ግን ፍጹም የተሳሳተ ነገር ይዞ ከክፍሉ ሊወጣ ይችላል። ይህን በደንብ የሚያሳየን ምሳሌ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ወላይታ ነው።

ቀዩ አፈርና እግራችን

ወላይታ ሶዶን የሚያውቅ ሰው የዳሞታን ተራራ ያውቃል፤ ዝናብ ሲጥል ጫማ ላይ የሚለጠፈውን ቀይ አፈርም ያውቃል። ያ አፈር ያበላል፤ እንሰቱም ቦዬውም የሚበቅለው እዚያው ላይ ነው። በባዶ እግሩ ለዓመታት ሲረግጠው ለኖረ ሰው ግን ጣጣ አለው።

ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ሕዝቡ በተለምዶ «ዝሆኔ» ከሚላቸው የእግር እብጠቶች አንዱ ነው። ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ ከዚያ ትርፍ ፈሳሽን ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች (የሊምፍ ቱቦዎችን) ያስቆጣሉ። ቱቦዎቹ ሲዘጉ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ቀስ በቀስም እባጮች ይወጡበታል። ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት በማስረዳት ስማቸው የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት።

ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ፖዶኮኒዮሲስ ጀርም የለውም። ባክቴሪያም፣ ቫይረስም፣ ትልም አያመጣውም። ትል የሚያመጣው ሌላኛው ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ ሲሆን ይህኛው ግን ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም።

ችግሩ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ከመቶ ሰው ከ5 በላይ (5.46 በመቶ) በዚህ በሽታ እንደተያዘ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ታካሚ በዓመት ካለው የሥራ ቀን 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በአጠቃላይ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር በላይ እንደሚከስር አስልቷል። በአገር ደረጃ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው በሽታው እንዳለበት ይገመታል።

ታዲያ ይሄ ከንግግር ጋር ምን አገናኘው? ቀጥለን እንየው።

የፈራ ባለሙያ ምን ያስተላልፋል?

እ.ኤ.አ. በ2008 በወላይታ ነዋሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ታካሚዎቹን የማግለል አመለካከት ነበራቸው። «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር ነው» ብለን እንዳናልፈው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ጥናት ወጣ። ይሄኛው የጠየቀው በዚያው አካባቢ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችን ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ መስሏቸው ነበር፤ ሲያክሙ እንዳይዛቸውም ይፈሩ ነበር።

ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። ለረጅም ጊዜ ተረስቶ የኖረ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በትኩረት ከተነፈጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር ያነሳው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በአገራችን ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013። ያልተማሩትን ከየት ያመጡታል?

ግን አስቡት። የሚፈራ ሰው ፍርሃቱን በአፉ ባይናገር ሰውነቱ ይናገርበታል። ራቅ ብሎ ይቆማል። እግሩን ሳይነካ ከሩቅ ያያል። ቶሎ ጽፎ ይሸኛል። ሰፈር ውስጥ ሲገለል የኖረ ታካሚ እነዚህን ምልክቶች ከማንም በላይ ያነብባል። ሐኪሙ «አይዞዎት፣ አይተላለፍም» ቢለው እንኳ «ታዲያ ለምን ሸሸኝ?» ይላል በልቡ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት፦ እውቀት ራሱ የንግግር አካል ነው። በሽታውን በደንብ ያወቀ ባለሙያ ወንበሩን ያስጠጋል፣ እግሩን በእጁ ይዞ ያያል፣ ይዳስሳል። ያ እጅ ከረጅም ማብራሪያ በላይ ያሳምናል፤ አብሮ የመጣውን የቤተሰብ አባልም ያስተምራል። ቁስል ካለ ጓንት ይደረጋል፣ ለምን እንደተደረገም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ «ጓንቱ ቁስልዎ ላይ ሌላ ጀርም እንዳይገባ ነው።»

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። «ዶክተር፣ ይተላለፋል እንዴ?»

መልሱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ጎልቶ ይታያል። እናት፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ የልጅ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ምክንያቱን ጠቁሟል፦ የአንዳንድ ሰዎች የዘረ መል አወቃቀር ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ ያደርጋቸዋል። ያው አፈር፣ ያው ባዶ እግር ሆኖ አንዱ ያብጣል፣ ጎረቤቱ አያብጥም።

ይህን እውነት ይዞ አንድ ሐኪም «ከሰው ሰው አይተላለፍም፣ በዘር ግን ይተላለፋል» አለ እንበል። በሳይንስ ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ችግሩ አማርኛችን ላይ ነው። ለጉንፋንም «ይተላለፋል» እንላለን፣ ለዘርም «ይተላለፋል» እንላለን። ታካሚዋ ከክፍሉ ስትወጣ ጆሮዋ ውስጥ የሚቀረው «አይተላለፍም» ይሁን «ይተላለፋል» ማን ያውቃል? አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ቢገባትስ? «በዘር» የሚለው ቃል በአገራችን ተራ ቃል አይደለም። ጋብቻ ያፈርሳል። ሽማግሌ ያስመልሳል። «የእነ እገሌ ቤት ዘራቸው ነው» ከተባለ በሽታው የሌለባት እህት ሳይቀር ቤቷ ትቀራለች። ሐኪሙ ሕክምና የሰጠ መስሎት በአንድ ቃል የአንድን ቤተሰብ ልጆች ሊጎዳ ይችላል።

ይሄ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የዘረ መል ጥናቱ ሲታሰብ ተመራማሪዎቹ ወላይታ ላይ ቀድመው ሰዉን ጠየቁ። ፈቃድ የምንጠይቀው እንዴት ነው? ምን ያስፈራችኋል? ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ከተነሱት ስጋቶች ትልቁ መርፌው ወይም ደሙ አልነበረም። ጥናቱ «በሽታው የቤተሰብ ነው» የሚለውን ወሬ አደባባይ አውጥቶ መገለሉን እንዳያብሰው ነበር የተፈራው።

ሁለተኛው ትምህርት እዚህ ጋ አለ፦ ከመናገር በፊት መጠየቅ። ቃላችን ሰሚው ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ሰሚው ነው።

እንግዲህ እንዴት ይባል?

ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ያልሆነውን፣ ቀጥሎ ምክንያቱን፣ ከዚያ የቤተሰቡን ነገር፣ በመጨረሻ ማድረግ የሚቻለውን። ለምሳሌ፦

«እናቴ፣ ይሄ በሽታ ከእርስዎ ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ መጨባበጥ አያስይዝም። ያመጣው አፈሩ ነው። የአንዳንድ ሰው እግር አፈሩን ቶሎ አይችለውም፣ የእርስዎም እንደዛ ነው። ልጆችዎም እንደ እርስዎ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከአሁኑ ጫማ ያድርጉ፣ እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ። አፈሩ ካልነካቸው በሽታው አይይዛቸውም።»

«ዘር» የሚል ቃል የለበትም። የተደበቀ ነገርም የለበትም። መጨረሻው ደግሞ ፍርድ ሳይሆን ሥራ ነው፤ እናትየዋ የምታደርገው ነገር ይዛ ትወጣለች።

ሁለት ደቂቃ ማዳመጥ

«ወረፋው ረጅም ነው፣ ይህን ሁሉ ለማውራት ጊዜ የት አለ?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በር ላይ ያለውን ሰልፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ 74 የሐኪምና የታካሚ ውይይቶች ተቀርጸው ተጠንተው ነበር። ሐኪሞቹ ታካሚውን የሚያቋርጡት በአማካይ በ18 ሰከንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ ሐኪሞች «ታካሚው በራሱ እስኪጨርስ አታቋርጡ» ተባሉ። 335 ታካሚዎች ተለኩ። ሰው ካልተቋረጠ ስንት ሰዓት የሚያወራ ይመስላችኋል? በአማካይ 92 ሰከንድ! ከመቶ 78ቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰዋል።

ሁለት ደቂቃ አጥተን ታካሚው ሦስቴ ተመልሶ ቢመጣ ማን ከሰረ?

«ጫማ ያድርጉ» ብቻ ምክር አይደለም

የፖዶኮኒዮሲስ ሕክምና በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። እግርን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ባለሙያ ባሳየው መጠን በተበረዘ ፀረ ጀርም መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቅባት መቀባት፣ እንደ አስፈላጊነቱ ፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ ቀላል የሚመስል እንክብካቤ በየጊዜው የሚነሳውን የእግር መቆጣትና ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ሥራውን የሚሠራው ግን ታካሚው ነው፣ ቤቱ። ስለዚህ «ጫማ ያድርጉ» ብሎ ዝም ከማለት እነዚህን መጠየቅ ይሻላል፦

1. «ውኃ የምታመጡት ከየት ነው? በቀን አንዴ እግር ለማጠብ ይበቃል?»
2. «የሚገባልዎት ጫማ አለ?» እግሩ ላበጠ ሰው ገበያ ላይ ያለው ጫማ አይገባለትም። ሶዶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የሞሲ ፉት ማኅበር ሕክምናውን በየአካባቢው ከመስጠት አልፎ ለእንዲህ ዓይነት እግር በልክ ጫማ ማሠራት ያስፈለገው ለዚህ ነው።
3. «እርሻ ላይ ጫማ ያደርጋሉ ወይስ ለገበያና ለጸሎት ቤት ብቻ?» ብዙ ሰው አዲስ ጫማ ለክብር ቀን ያስቀምጣል። ሳይቆጡ መጠየቅ ነው።
4. በመጨረሻ «ገባዎት?» አይባልም። «ገባዎት?» ሲባል ሁሉም ሰው «አዎ ዶክተር» ይላል፤ ይሉኝታ አለ። ይልቅ «እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ» ይባላል። ፈተናው ለሐኪሙ እንጂ ለታካሚው አይደለም።

ቋንቋ ሲለያይ

ወላይታ ላይ ከሌላ አካባቢ የመጡ ብዙ ባለሙያዎች ይሠራሉ። ከገጠር የሚመጡ አባቶችና እናቶች ደግሞ ወላይትኛ ነው የሚናገሩት። «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ ማወቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በር ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ግን አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ጥሩ አይደለም። እናት በልጇ ፊት ሁሉንም አትናገርም፤ ልጁም የከበደውን ነገር አለዝቦ ወይም ዘሎ ነው የሚያወራው። ነርስ ወይም ሌላ የሠለጠነ ባለሙያ ይሻላል። ሲተረጎም ዓይን ታካሚው ላይ ይሁን እንጂ አስተርጓሚው ላይ አይሁን። አንድ ሐሳብ ተናግሮ ቆም ማለት፣ ከዚያ ሌላ። «ይተላለፋል» ዓይነት ሁለት ፊት ያለው ቃል ካለ ደግሞ አስተርጓሚውን ቀድሞ «ይሄንን በወላይትኛ እንዴት ትለዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሐኪም ከሐኪም ጋርስ?

ታካሚ የሚጎዳው ከእሱ ጋር በምናወራው ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሳችን በማናወራውም ጭምር ነው።

ሪፈር ወረቀት እንውሰድ። «ለተሻለ ሕክምና ተልኳል» የሚል አንድ መስመር ይዞ የመጣ ታካሚ ሁሉን ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ተቀባዩ የሚፈልገው ቀላል ነው፦ ምን አገኛችሁ? ምን አደረጋችሁ? ምን ሰጣችሁ? ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ? ለታካሚውስ ምን ብላችሁ ነገራችሁት? ይቺ የመጨረሻዋ ትረሳለች። ጤና ጣቢያ «አይተላለፍም» ተብሎ፣ ሆስፒታል ሲደርስ ሌላው «ራቅ በሉ» ካለው ሰውየው ማንን ይመን?

መልሱም መጻፍ አለበት። ታካሚው ወደ ቀበሌው ሲመለስ በየጊዜው የምታየው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ሆስፒታል የተባለውን ካላወቀች እንዴት ትከታተለዋለች?

የተረኛ ርክክብም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በሰሜን አሜሪካ 9 ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት የሐኪሞች ርክክብ ሥርዓት ሲይዝ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሥርዓቱ አስማት የለውም፦ የታመመው ምን ያህል ጠንቷል፣ ታሪኩ ባጭሩ፣ የቀረ ሥራ፣ ቢብስ ምን ይደረግ፣ በመጨረሻም ተቀባዩ የሰማውን መልሶ ይናገራል። ልብ በሉ፤ ለታካሚው ያልነው «መልሰው ይንገሩኝ» ለባልደረባም ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባልደረባ ሲሳሳት ማረም ግዴታ ነው፤ ቦታው ግን ከታካሚው ፊት አይደለም። «ማነው ይሄን ያዘዘልዎት?» ብሎ ፊት ማኮሳተር ያኛውን ባለሙያ አያርምም። ታካሚው በሁላችንም ላይ ያለውን እምነት ነው የሚያጠፋው። ስልክ ይደወል፣ ለብቻ ይነገር።

ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እናየዋለን። ከግድግዳው ወርዶ ታካሚው ዘንድ የሚደርሰው ግን ከላይ ባየናቸው ትንንሽ ነገሮች ነው።

ለእናንተስ? ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

1. ከመሄዳችሁ በፊት ዋናውን ችግር መጀመሪያ ለመናገር ተዘጋጁ። የመጡበትን ጉዳይ በር ላይ ሲወጡ «እ... ዶክተር፣ ሌላም ነበረኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው።
2. ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ በሽታዬ ምንድን ነው? እኔ ምን ላድርግ? ምን ካየሁ ቶሎ ልመለስ?
3. ያልገባችሁን ቃል «አልገባኝም» በሉ። ነውር አይደለም።
4. «ይተላለፋል» ከተባላችሁ «ከሰው ወደ ሰው ነው ወይስ በቤተሰብ?» ብላችሁ አስለዩ። «በቤተሰብ» ከተባላችሁ ደግሞ «ምን ብናደርግ እንከላከለዋለን?» ብላችሁ ጨምሩ።
5. እናት አባታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ እነሱ ይናገሩ። እናንተ የረሱትን ሙሉ።

ከተማ ተቀምጣችሁ ይሄን በስልካችሁ የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ገጠር ዘመድ አላችሁ። ለጊፋታ አገር ቤት ስትገቡ እግሩን በጋቢ የሚሸፍን አጎት፣ ከሰው ተለይታ የምትቀመጥ አክስት ካለች፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አብራችሁ ብሉ። ለልጆች ልብስ ስትገዙ ጫማ ጨምሩበት። ለሕክምናም ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው፤ ቶሎ ሲጀመር እብጠቱ በደንብ ይቀንሳል።

ማሳሰቢያ፦ እግር በድንገት ካበጠ (በተለይ አንዱ ብቻ)፣ ከጋለ፣ ከቀላ፣ ብርቱ ሕመም ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእግር እብጠት ሁሉ ፖዶኮኒዮሲስ አይደለም፤ የደም መርጋት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም ሌላ ችግር ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልገዋል።

ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ለወዳጅ ዘመድ፣ በተለይ በጤና ሙያ ላይ ላሉ ወንድሞችና እህቶች አጋሩልን።

ጤናችሁ ይብዛ!